ቀኙ ያልያዘው መኪና

በገዳም ላለሽው እኅቴ፤

ቆብ ከደፋሽ ወዲህ አንቱ ልልሽ እንደሚገባኝ አውቃለሁ። እናታችን በአንድ አንቀልባ አሳድጋን ሳለ ግን አንቱ ልበልሽ ብል ብዕሬ እንቢ አለኝና ይቅር በይኝ። ጾሙ እንዴት ይዞሻል? ጉልበትሽስ ለስግደቱ ይታዘዝልሻል? የበዓቱ ብርድ ደረትሽን እንዳይነካው የላክሁልሽን ጋቢ ለብሰሽው ይሆን፣ ወይስ እንደ ልማድሽ ለሌላ ሰጠሽው? እኔ በፈጣሪ ቸርነት አለሁ። ዓይኔ ደቃቁን ፊደል ባይለይልኝም የቃል ትምህርቱን አላጎደልሁም፤ ደቀ መዛሙርቱም ጤና ናቸው። በፍኖተ ሰላም ዝናቡ ዘግይቶ ገባ፤ ከገባ በኋላ ግን ማባሪያ የለውም።

ይህን ሁሉ የማስረዝመው ወደ ዋናው ነገር መግባት ስለ ከበደኝ ነው። ነገሩ የልጅሽ የዘሚካኤል ነው። ይህን ስጽፍ በሕይወት አለ፤ እስከ መጨረሻው በትዕግሥት አንብቢው።

ከፋሲካ ወዲህ የሚነዳው ሚኒባስ ፍሬን ሲያዝ ወደ ግራ መሳብ ጀመረ። በሜዳው መንገድ እምብዛም አያስታውቅም። ከቡሬ ወደ ዓባይ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ ግን ግራው ገደል መሆኑን አንቺም ታውቂዋለሽ፤ ባልሽ ገብረሰንበት ከእነጭነት መኪናው ገደል ገብቶ የቀረበት መታጠፊያ እዚያ ነው። ያምሮት የተባለች የጅጋ ነጋዴ አንድ ቀን እዚያው ላይ «ልጄ፣ እኛ የከፈልነው ማዶ ለመሻገር ነው፤ ገደል ለመጎብኘት ማን ጠየቀህ?» ብትለው ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ፤ እርሱም አብሮ ሳቀ። ሲመለሱ ግን ሴትዮዋ በሌላ መኪና መጣች፤ እኔንም ቤቴ ድረስ ፈልጋ «የኔታ፣ የእኅትዎን ልጅ ይዩት፤ ሲስቅ ዓይኑ ከእኛ ጋር አልነበረም» አለችኝ።

እኔም ቡሬ የማውቀውን ካህን ልጠይቅ ብዬ አብሬው ሄድሁ፤ ከዚያም ቁልቁለቱን አሳየኝ አልሁት። መታጠፊያው ዘንድ ስንደርስ ፍሬኑን ረገጠ። ከዚያም ሁለት እጆቹን ከመሪው ላይ አነሣ። እኅቴ ሆይ፣ መሪው ሰው እንደያዘው ሆኖ በቀስታ ወደ ግራ ዞረ፤ መኪናውም የመንገዱን ጠርዝ ድንጋይ ነክቶ ቆመ። «አጎቴ፣ አየኸው?» አለኝ፤ «ሁልጊዜ ፊቱን የሚያዞረው ወደዚህ ነው። አባቴ ነው።»

ልገሥጸው ይገባኝ ነበር። ሙታን በማን እጅ እንዳሉ ስንት ዘመን ያስተማርሁ ሰው ነኝ። ነገር ግን ዓይኔ ወደ ገደሉ ሄደ። ከታች ቀዝቃዛ ነፋስ ይወጣ ነበር፤ የወፍ ድምፅ አልነበረም። ወደ ልቤ ስመለስ ሰውነቴን እኔ ሳላዘው ወደ ግራ አዘንብሎ አገኘሁት።

ፍኖተ ሰላም እንደ ተመለስን በግድ ወደ በድሩ ጋራዥ አስገባሁት። በድሩን ታውቂዋለሽ፤ የባልሽን መኪና ይጠግን የነበረው ነው። የጎማዎቹን ነፋስ ለካ፤ እኩል ነበር። መሪውን ወዘወዘ፤ የላላ ነገር አላገኘም። እኔም እንደሚያውቅ ሰው ሆኜ የግራውን ጎማ ፍታው እንጂ ስለው «የኔታ፣ መኪና ወደ ግራ ሲስብ ሰው ሁሉ ግራውን ይከሳል፤ ግራውማ ሥራውን እየሠራ ይሆናል። እኔ የምጠይቀው ቀኙ ለምን አልያዘም ብዬ ነው» አለና ከቀኝ በኩል በክሪክ አነሣው። ጎማው ሲፈታ የቀኙ ፍሬን ሸራ በዘይት ርሶ ተገኘ። ዘይት የነካው ሸራ ስለሚያንሸራትት አይዝም፤ የሚይዘው ግራው ብቻ ይሆንና መኪናውን ወደ ራሱ ይስባል። በድሩ ይህን ሲያስረዳ ዘሚካኤል አጠገቡ ቆሞ ይሰማ ነበር። ሸራው ተቀየረ፤ መኪናው ቀጥ ብሎ ቆመ፤ እኔም ምስጋናዬን አድርሼ ገባሁ።

ብዙም ሳይቆይ እንደ ገና ወደ ግራ ሳበ። ሲፈታ ያው ዘይት፣ በዚያው በቀኙ። በድሩ የፍሬኑን ቱቦ መረመረ፤ ደረቅ ነው። የጎማው ማሽከርከሪያ ቅባት፣ ግራሶው፣ ቀልጦ እንደሆነ አየ፤ አልቀለጠም። ለሦስተኛ ጊዜ ሲመለስ ግን እጁን በጨርቅ ደጋግሞ ጠረገና የጋራዡን በረኛ ገለል አድርጎ ጠራኝ። በድሩ ቀልድ የማይለየው ሰው ነው፤ ያን ቀን አልቀለደም። «ይኼ የእኔ ዘይት አይደለም፤ የእናንተን ቤት ይሸታል። እስቲ ያሽትቱት» አለኝ።

አሸተትሁት። ያ ሽታ የሚያሳስት አይደለም፤ ከቤተ መቅደስ አምጥቼ የሰጠሁሽ ቅባ ቅዱስ ነበር።

ልትመንኚ የወጣሽ ዕለት ብልቃጡን በእጁ አስጨብጠሽ «ለመንገድ ስትነሣ ቀኝህን ቀባ» ያልሽው ትዝ አለኝ። ጠርቼ ብጠይቀው አልሸሸገም። «ለሾፌር ቀኙ ጎማው አይደል? ከመናኸሪያ ከመነሣቴ በፊት እስከ ፍሬኑ ድረስ እቀባዋለሁ» አለኝ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ደስ አለኝ። የዋህ ልጅ በእናቱ ቃል ላይ የሠራው ስሕተት ነው፤ ቢነግሩት ይተወዋል አልሁ። አስቀምጬ፣ የተቀደሰውም ቢሆን ዘይት ዘይት ነው፤ ቦታው ግንባርህ እንጂ ፍሬን አይደለም ብዬ አስረዳሁት። አክብሮ እስከ መጨረሻው ሰማኝ። ከዚያም ሕፃን እንደሚያባብል ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አውቃለሁ እኮ፣ አጎቴ። በድሩ የመጀመሪያው ቀን ነግሮኛል» አለኝ።

ብልቃጡን ስጠኝ አልሁት፤ ያለ ክርክር ሰጠኝ። ወደ ብርሃን አንሥቼ አየሁት። ከፋሲካ ጀምሮ ሲያፈስሰው የከረመው ብልቃጥ እስከ አንገቱ ሙሉ ነው። ከየት እንደ ሞላ አልጠየቅሁትም፤ የጥያቄውን መልስ ፈራሁት።

ከዚያ በኋላ እኔና በድሩ መከርን። ጎማው ወልቆ ይቆይ፤ ዕቃው ከአዲስ አበባ አልመጣም እንበለው ተባባልን። በድሩ ውሸቱን ሲናገር እኔ አጠገቡ ቆሜ ራሴን ነቀነቅሁ፤ ለንስሐ አባቴ ገና አልነገርሁም። ዘሚካኤልም አልተቆጣም። በየቀኑ ጋራዡ ይመጣና በክሪክ በቆመው መኪና ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል፤ ፍሬኑንም ይረግጣል። «ወላሂ የኔታ፣ ሞተሩ ጠፍቶ፣ እጁ ጭኑ ላይ ሆኖ መሪው ሲዞር አይቻለሁ። ሰው ባይኖርበት ኖሮ ጋራዡን ዘግቼ እሄድ ነበር» አለኝ በድሩ። ወደ የት አቅጣጫ ነው የዞረው ብዬ አልጠየቅሁትም።

ከብበን ያዝነው ብዬ ነበር። ዛሬ ማለዳ ግን ልቀሰቅሰው ብገባ አልጋው ተነጥፏል፤ ስልኩና የመኪናው ቁልፍ ትራሱ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። የቡሬ መስመር ሾፌር ወልደ ሥላሴ መንገድ ላይ አግኝቶት «ምን ሆነህ ነው በእግርህ? ውጣ ላድርስህ!» ቢለው በእጁ ሰላምታ ሰጥቶት አልፏል። ልብሱ ንጹሕ፣ ፊቱም ደስተኛ ነበር አለኝ። ወደ ቡሬ ይሄድ ነበር፤ የመንገዱን ግራ ጠርዝ ይዞ።

በድሩ የራሱን መኪና አስነሥቶ ደጄ ላይ ቆሟል፤ ጥሩንባውን ደጋግሞ እያሰማኝ ነው። እማሆይ እህተ ማርያምም ወደ ገዳማችሁ የሚመለሱበት መኪና ሊነሣ ስለሆነ ይህን ወረቀት ከእጄ ሊነጥቁኝ ደርሰዋል። እኛ እንደርስበት ይሆናል። ደርሰንበት ግን ምን እንለዋለን? የኔ ቃል አንድ ጊዜ ተሰምቶ አልያዘውም፤ የበድሩም ብልሃት እስከ ዛሬ ማለዳ ብቻ ነበር። ባልሽን አልከስሰውም፤ ሙት የሙትን ያደርጋል፤ ልጁን መያዝ የነበረብን ቀኞቹ እኛ ነን። ገዳሙ ሌሎች ጸሎተኞች አሉት። እመምኔቷ ቢከለክሉሽ ይህን አንብቢላቸው፤ ቢፈቅዱልሽ ዛሬውኑ ተነሺ፣ ባይፈቅዱልሽም ተነሺ፤ ኃጢአቱን በእኔ ላይ ጻፊው። ወደ ፍኖተ ሰላም አትምጪ፤ በቀጥታ ወደ ቡሬ፣ ወደ ቁልቁለቱ ነይ።

አምላከ አበው መንገድሽን ያቅናልሽ፤ እመቤታችን በጥላዋ ትጋርድሽ፤ ያንን ልጅ ደግሞ እኛ እስክንደርስ መላእክቱ በክንፋቸው ያቆዩልን።

ከአንቺ በፊት የተወለደ፣ ከአንቺ በፊት መናገር የነበረበት
ወንድምሽ