ማኅተሙ የሸፈነው መስመር

ማክሰኞ፣ ማርች 5

ዝናብ። የማዘጋጃ ቤቱ ማሞቂያ እንደገና ተበላሽቷል፤ ካፖርቴን ለብሼ ነው የዋልኩት። አሥራ አንድ መታወቂያ አደስኩ። ከሰዓት በኋላ ኮሪደሩ ላይ ያለውን የበራሪ ወረቀት መደርደሪያ ሞላሁ። እንደ ሁልጊዜው በእያንዳንዱ ጀርባ ላይ፣ ከታች ባዶው ቦታ ላይ፣ «ለእይታ ተፈቅዷል» የሚለውን ማኅተም… ጧ፣ ጧ፣ ጧ። አለቃዬ አቶ ሉበርስ ማኅተም የሌለው አንድ ወረቀት ካዩ አለቀልኝ። አሥራ ስድስት ዓመት እንዲሁ።

የወር አበባዬ አሁንም የለም። አርባ ሦስት ዓመቴ ነው፤ ማረጥ ይሆን? ከሆነ ግልግል ነው።

ሐሙስ፣ ማርች 7

ማረጥ አይደለም። አርግዣለሁ፤ አሥር ሳምንት ከሁለት ቀን።

ባሌ ሄኒንግ ድንች እየላጠ ነበር። ቢላውን አስቀመጠ። «አንቺ ምን ትያለሽ?» አለኝ። የመጨረሻዋን ስወልድ ደም ፈሶኝ ልሞት ነበር፤ ያን ቀን ኮሪደር ላይ የቆመው እሱ ነው። ልጆቹ አድገዋል። አልፈልግም። ይኸው ጻፍኩት። አልፈልግም።

ሐኪሙ ዓይኔን አላየም። «ውርጃ እኔ አልሠራም። መጀመሪያ ምክር ይቀበሉ፣ የምስክር ወረቀት ይያዙ፣ ከዚያ ሦስት ሙሉ ቀን ይጠብቁ። ሕጉ የሚፈቅደው የመጨረሻው ቀን ኤፕሪል 2 ነው።» ምክሩ የት ነው የሚሰጠው? «ኧረ በራሪ ወረቀቱ የሌለበት ቦታ አለ እንዴ?»

እውነቱን ነው። የኔው መደርደሪያ ላይ አለ! ሳቄ መጣ።

ሐሙስ፣ ማርች 14

ቀጠሮ ለማግኘት ብቻ ሳምንት። የምክር ቢሮው «የሕይወት ደጅ» ይባላል። ወይዘሮ ቴርሆርስት ሻይ ቀዳችልኝ። ጠረጴዛው ላይ በእጅ የተሠሩ የሕፃን ካልሲዎች… አውራ ጣቴ እንኳ አይገባባቸውም። ደግ ሴት ትመስላለች። ስለ እናቴ ጠየቀችኝ፣ ስለ ትዳሬ ጠየቀችኝ።

«ወረቀቱን ዛሬ ይሰጡኛል?» አልኳት።

«አይቸኩሉ፣ ወይዘሮ ፍራውከ። ዛሬ እንተዋወቅ። በሚቀጥለው ሐሙስ ደግሞ እንጫወታለን።»

እሺ አልኩ። ለምን እሺ አልኩ? ቢሮ ስለሆነ። ቢሮን አምናለሁ፤ እኔም ቢሮ ነኝ።

ሐሙስ፣ ማርች 21

ካፖርቴን ሳላወልቅ ነው የምጽፈው።

«ወረቀቱስ?» አልኩ። «የትኛው ወረቀት?» አለች። የትኛው! «እኛ እኮ እሱን አንሰጥም። በራሪያችን ላይ ተጽፏል።»

ከቦርሳዬ አወጣሁት። ገለበጥኩት። «የቱ ጋ ነው የተጻፈው?» በጣቷ ታች ጠቆመችኝ። ማኅተሙ ላይ። መስኮቱ ጋ ሄጄ ብርሃን ላይ ያዝኩት… ከሐምራዊው ቀለም ሥር አንዲት የደበዘዘች ደቃቃ መስመር፦ በሕግ የሚጠየቀውን የምስክር ወረቀት አንሰጥም።

ባዶ ቦታ መስሎኝ! ዓመት ሙሉ፣ ዓመት በዓመት፣ እዚያችው ላይ ጧ!

«ባለፈው ሳምንት ጠይቄዎት ነበር እኮ! ያኔ ለምን አልነገሩኝም?»

«እንዲያስቡበት ጊዜ እንዲያገኙ ብለን ነው።»

«ጊዜዬን ወስደው ነው ጊዜ የሚሰጡኝ?» ጮህኩ። ሻዩን እንኳ አልጠጣሁላትም። መኪና ውስጥ መሪውን እየደበደብኩ አለቀስኩ። እሷን ልርገም ወይስ ራሴን? ሁለታችንንም።

ዓርብ፣ ማርች 22

አሞኛል ብዬ ከሥራ ቀረሁ። ዘጠኝ ቦታ ደወልኩ። አንዱ ቁጥር የፋክስ ነው። አንዱ ተዘግቷል። ኢንተርኔት ላይ የወጣው ዝርዝር ላይ ያሉት አንድ ሐኪም ጡረታ ከወጡ አራት ዓመታቸው። አንዷ ደግሞ «ለሕፃኑ ስም አውጥተውለታል?» አለችኝ። ዘጋሁባት። ሰው በዚህ ዘመን የአውቶቡሱን ደቂቃ ሳይቀር ያውቃል፣ ይህን አንድ ነገር የሚነግረኝ ይጥፋ?

አሥረኛው ኦስናብሩክ ከተማ ያለ የምክር ቢሮ። ጉንፋን የያዛት ሴት ነች። «ወረቀቱን ትሰጣላችሁ?» አልኩ ገና ሰላም ሳልላት። «አዎ፣ በዚያው ቀን። ሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ይምጡ።» በቃ። ይህቺን ታህል ነበረች!

ሄኒንግ የቀን መቁጠሪያውን አወረደ። ከሰኞ በኋላ ሦስት ሙሉ ቀን። ቀጥሎ ዓርብ ስቅለት። ቅዳሜ። ፋሲካ። ሰኞ የፋሲካ ማግስት፣ ዝግ። ማክሰኞ፣ ኤፕሪል 2።

አንድ ቀን ቀርቶኛል። አንድ።

ሰኞ፣ ማርች 25

አርባ ደቂቃ። አላባበለችኝም፣ አላስፈራራችኝም። ሐሳቤን ብለውጥ ማን እንደሚረዳኝ ሳይቀር ነገረችኝ፣ ከነስልኩ። ከዚያ ወረቀቱን ሰጠችኝ። ራሷ ብሬመን ወዳለው ክሊኒክ ደወለች። «ማክሰኞ ጠዋት ይዘውልዎታል። ካመለጠዎት ግን…»

«አያመልጠኝም» አልኳት።

ቅዳሜ፣ ማርች 30

ዳቦ ቤት። የፋሲካ ሰልፍ። ያንትየ ነች የምትሸጠው። ሳያት ትዝ አለኝ፤ ከስምንት ዓመት በፊት፣ ገና ተማሪ ሳለች፣ ማዘጋጃ ቤት እኔ መደርደሪያ ጋ ቆማ ነበር።

ሰልፉ እስኪያልቅ ጠበቅኩ። «ያንትየ፣ ያኔ ያነሳሽው ወረቀት…»

ወዲያው ገባት። «‹ይሄ ትክክለኛው ነው?› ብዬ ጠየቅኩዎት። ቀና እንኳ አላሉም። ‹ማኅተም አለው አይደል?› አሉኝ።»

ማኅተሙን፣ መስመሩን፣ ሁሉንም ነገርኳት።

«ልጄን በዓለም አልለውጣትም» አለች ዳቦውን እየጠቀለለች። «እሷን ስንቴ አቅፌ ተኝቻለሁ። ግን ልወልዳት ወስኜ አይደለም። እዚያ ቢሮ ስመላለስ ቀኑ አልፎብኝ ነው። መወሰኑን ወሰዳችሁብኝ።»

ይቅርታ አልኳት። «እሺ» አለች። እሺ ማለቷ ይቅር ማለቷ አይደለም፣ ገብቶኛል።

ማክሰኞ፣ ኤፕሪል 2

ብሬመን። አለቀ። ደህና ነኝ። ነርሷ «አመመዎት?» አለችኝ ሳለቅስ። አላመመኝም። ተናድጄ ነው።

ማክሰኞ፣ ኤፕሪል 9

ሥራ ገባሁ። የራሴን ወረቀት ሠራሁ። ሦስት ቦታ ብቻ፤ ሦስቱንም ዛሬ ጠዋት ደውዬ አጣርቻለሁ፣ የደወልኩበት ቀንም ተጽፏል። ከላይ በትልቁ፦ «አስቀድማችሁ ጠይቁ፦ የምስክር ወረቀቱን ትሰጣላችሁ? መቼ?» የነወይዘሮ ቴርሆርስትን በራሪም አልጣልኩትም፤ እዚያ መሄድ የፈለገች ትሂድ። ብቻ ማኅተሙን ወደ ላይ አወጣሁት፣ ከደቃቃዋ መስመር ሥር በቀይ አሰመርኩ። አንድ በአንድ። መቶ ሃያ ወረቀት።

አቶ ሉበርስ መጡ። «ፍራውከ፣ ይሄን ማን ፈቀደ?»

«ማኅተም አለው አይደል?»

«ማነው የመታው?»

«አሥራ ስድስት ዓመት ማን ሲመታ ነበር? አንድ ቀን አንብበውት ያውቃሉ? እኔም አላነበብኩትም!»

ፊታቸው ቀላ። «ቅሬታ ቢመጣስ?»

«ወደኔ ይላኩት። እኔም ቅሬታ አለኝ።»

አጉተመተሙ፣ ሄዱ። ወረቀቱን አላነሱትም።

ከሰዓት በኋላ አንዲት ወጣት በዝናብ የራሰ ጃኬት ለብሳ መደርደሪያው ጋ ቆመች። አነሳች፣ መለሰች፣ እንደገና አነሳች። ወደኔ መጣች። ድምፅዋ በጭንቅ ነው የሚሰማው።

«ይሄ ትክክለኛው ነው?»

እጄ ላይ የሰው ፓስፖርት ነበር። አስቀመጥኩት። ቀና አልኩ። ዓይኖቿ ቡናማ ናቸው።

«በሩን ዝጊውና ቁጭ በይ» አልኳት። ስልኩን መካከላችን አደረግኩት። «አብረን ደውለን እንጠይቃቸው።»