እናቴ የላከችልሽ ሻሽ

ነዒማ፣
በመኪናዋ ራይድ የምትሰጠኝ ልጅ ክላክስ እያደረገች ነው። ዱሉዝ ኤርፖርት ኦቨርታይም ስላለ አምሽቼ ነው የምመጣው።

እናቴ ከደሴ የላከችልሽ ሻሽ አልጋዬ ሥር ነው። ከመጣ ሳምንት ሆኖታል። አንዴ መስታወት ፊት ሞከርኩት፤ ወላሂ አላማረብኝም።

ለእኔ የላከችልኝ በአሥራ አምስት ዓመቴ የጻፍኩትን ዳያሪ ነው። ትናንት ብሬክ ላይ አነበብኩት። የራሴን ጉዳይ ልጽፍበት የጀመርኩት ደብተር፣ በየገጹ «እማ ዛሬም ‹እስቲ ከጎረቤትሽ ከነዒማ ተማሪ› አለችኝ» ይላል።

ይኸው ሰላሳን አልፌም፣ ስልክ ሳነሳ መጀመሪያ የምትለኝ «ነዒማዬስ?» ነው። ዛሬ ጠዋት «ሥራ ሄዳለች» አልኳት። ተኝተሽ ነበር።

ሩዙን አሙቀሽ ብዪ።
የስልክ ካርዱ ፍሪጁ ላይ አለ፤ ደውዪና ስለ ሻሹ አመስግኛት።

ዘይቱና

ስለ እኔ ከጠየቀችሽ፣ ያለችውን እዚህ ሥር ጻፊልኝ።