ያነበብህልኝ ወረቀት

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ ለአያ ዳኛው ክንዱ፤ አዲስ አበባ።

እንደምን ከረምህ? እንደምን ሰነበትህ? ባለቤትህ እናኑ ወገቧን ተሻላት ወይ? ልጅህ ትርንጎ በትዳሯ እንደምን ናት? ባሏ አላምረውስ ደህና ነው ወይ? የአዲስ አበባው ብርድ ለጉልበትህ ተስማማው ወይስ እንደ ድሮው ሌሊት ሌሊት ይጠዘጥዝሃል? ይህን ሁሉ የምጠይቅህ ለደብዳቤ ወግ ያህል እንዳይመስልህ። ተቀይሜህም ቢሆን ጉልበትህ እንዲያምህ አልሻም። ነገሩ ለራሴም ይገርመኛል።

እኛ እግዚአብሔር ይመስገን አለን። ባለቤቴ ባንቺአየሁ ደህና ናት። ዘንድሮ ገብሱ ሸጋ ነበር፤ ጥቁሯ ላምም ወልዳለች። የዳዊት ተማሪዎቼን ለጎረቤት ደብር መምህር አደራ ሰጥቼ እኔ ከትክል ድንጋይ ወደ ጎንደር ከመጣሁ ሁለት ሳምንት ሆነኝ። የመጣሁበትንም ጉዳይ ልንገርህ።

አምና በኅዳር በግራ ተረከዜ ሥር የወጣችውን ጥቁር ነገር ታስታውሳለህ። የአተር ፍሬ ታህል ነበር። እሾህ መስላኝ በወስፌ ስነካካት ደማች። ያን ጊዜ አንተ ጎንደር የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበርህ፤ ለፈረንጆቹም ታስተረጉም ነበር። «ና፣ እኔ እያለሁ ምን ያሳስብሃል» ብለህ ወደ ሐኪም ቤት ወሰድኸኝ። ሐኪሙ እግሬን አገላብጦ አይቶ በእንግሊዝኛ አንዲት ወረቀት ጻፈልኝ። አንተ በቅሎዋን ይዘህ ከደጅ ቆመህ ነበርና ወረቀቷን አመጣሁልህ። ሁለት ጊዜ አነበብሃት። ከዚያም አጥፈህ መለስህልኝና መድኃኒት የለውም ይላል፣ ጠበል ተጠመቅ፣ እግርህንም አሳርፍ አልኸኝ።

ምነው አንዲትን ወረቀት ሁለት ጊዜ ያነባታል ብዬ አልጠረጠርሁም። አንዲት ፊደል የዘለለን ተማሪ ከመጀመሪያው የማስደግም ሰው፣ አንተ ስታነብልኝ አንገቴን ደፍቼ ሰማሁ። አባታችን ከሞተ ወዲህ ያሳደግኸኝ አንተ ነህ። የአንተን ንባብ ማን ያርማል?

ወረቀቷን በዳዊቴ ማኅደር ከትቼ ሦስት ጠበል ዞርሁ። እግሬን እየጎተትሁ፣ በየደረስሁበት ሰባት ሰባት ቀን ተጠመቅሁ። ጠበሉን አላማም፤ ለነፍሴ በጅቶኛል። ተረከዜ ግን ፈነዳ፣ ሽታም አመጣ። ክረምቱ ሲወጣ ብሽሽቴ ላይ ንፍፊት ወጥቶ የማይሟሽሽ ሆነ። የተጻፈልኝ ይህ ነው ብዬ ተቀበልሁት።

ባለፈው ታኅሣሥ በገበያ ቀን ነርሶች ክትባት ሊሰጡ ትክል ድንጋይ መጡ። ከእነሱ አንዲቱ ሰብለ ወንጌል የምትባል ሳነክስ አይታ እግሬን አስፈታችኝ። ሐኪም አይቶህ ያውቃል ወይ ብላ ብትጠይቀኝ አዎን ብዬ ወረቀቷን ከማኅደሩ አውጥቼ ሰጠኋት። አንብባ ስትጨርስ ወደ እኔ ቀና አለች።

«አባቴ፣ ይህን ወረቀት ማን አነበበልዎ?» አለችኝ።

ወንድሜ አልኋት። እንግሊዝኛ ያውቃል ወይ አለችኝ። በኩራት ነው የመለስሁላት፣ አያ ዳኛው፤ ከሐኪሞቹ እኩል ያውቃል አልኋት። እሷም ወረቀቷን ወደ አማርኛ እየመለሰች አነበበችልኝ።

«ይህ ሰው ቁምጥና የለበትም። ተረከዙ ላይ ያለው ግን ክፉ የቆዳ ነቀርሳ ሳይሆን አይቀርም። የቆዳ ሐኪሙ የሚገኘው ረቡዕ ረቡዕ በሥጋ ደዌ ሕሙማን ሐኪም ቤት ነው። ሳይውል ሳያድር ወደዚያ ይሂድ። አሁን ከተቆረጠ የመዳን ተስፋ አለው።»

እንደገና አንብቢልኝ አልኋት። እንደገና አነበበችልኝ። ከአንተ ንባብ ጋር አንድም ቃል አልገጠመልኝ።

ምክንያትህ የገባኝ እዚያው ገበያ መካከል ተቀምጬ ነው። በዚያ ኅዳር የአላምረው ቤተሰቦች ትርንጎን ለልጃቸው ጠይቀው ዘራችንን እየቆጠሩ ነበር። እስከ ሰባት ቤት ወርደው ቁምጥና አለባቸው ወይ፣ የለባቸውም ወይ እያሉ ያጣሩ ነበር። ያ ሐኪም ቤት ደግሞ ወደ አዘዞ ከሚወስደው መንገድ ዳር ነው፤ በበሩ የሚገባውን አላፊ አግዳሚው ሁሉ ያየዋል። የሙሽራዪቱ አጎት በዚያ በር ገባ ከተባለ፣ የለበትም ብሎ ሐኪም ቢጽፍ ማን ሰምቶ? ፍርሃትህ ይገባኛል። እኔም የአገሩ ሰው ነኝ።

ግን ምነው ሳትነግረኝ? ሐብተ ማርያም ወንድሜ፣ ሠርጉ እስኪያልፍ ሁለት ወር ታገሠኝ ብትለኝ እምቢ እልህ ነበር? ልጅቷን ፊደል ያስቆጠርኋት እኔ ነኝ። ወድጄ እሰጥህ ነበር፤ አንተ ግን መለመን ትተህ ሰረቅኸኝ። ጥር ሠርጉ አለፈ፣ ዝም አልህ። በሚያዝያ አማቾችህ አዲስ አበባ ሥራ አግኝተውልህ ልትሰናበተኝ መጣህ። ከአንድ ገበታ በላን። እያነከስሁ እስከ ወንዙ ስሸኝህ ዘወር ብለህ እግሬን አየህና በጠበሉ በርታ አልኸኝ። የኅዳሩን ልረሳልህ እችል ይሆናል፤ የሚያዝያውን አልችልም።

ይህም እንዳይበቃ ሌላ ነገር ሰማሁ። እዚህ እንደመጣሁ የቆዳ ሐኪሙ ከካርዴ ላይ የአባታችንን ስም አይቶ የዳኛው ምኑ ነህ ብሎ እዚሁ በምትሠራው በሰብለ ወንጌል አፍ አስጠየቀኝ። ለካ አምና በየካቲት የአንዱ ፊታውራሪ ሚስት ጉንጯ ላይ ኪንታሮት ወጥቶባት፣ በዚህ በር እንዳትታይ ሐኪሙን በማኪና ከቤቷ ድረስ ወስደውት ነበር። ያስተረጎምህለት አንተ ነህ። ቁስሏ እስኪደርቅ ሦስት ጊዜ ተመላልሷል አሉ፤ ሦስቱንም ጊዜ ከጎኑ ተቀምጠሃል። ለፊታውራሪ ሚስት ኪንታሮት አፍህ ተፈታ፤ ለወንድምህ ነቀርሳ አንዲት ቃል አልተነፈስህም። አያ ዳኛው፣ ከዳኸኝ። ለስለስ ያለ ቃል ፈልጌ አጣሁ።

አሁን ሐኪሙ የሚለው ይህ ነው። በወቅቱ ቢሆን የጣት ጫፍ የምታህል ሥጋ ተቆርጣ ይበቃ ነበር። ዛሬ ግን እግሬ ከጉልበት በታች ይቆረጣል፣ ንፍፊቱም ይወጣል፤ ይህም ሆኖ መትረፌን ማንም አያውቅም። የሚቆረጠው የካቲት 11 ቀን ሰኞ፣ ጾሙ በሚገባበት ዕለት ነው። እፈራለሁ። ለባንቺአየሁ አልነገርኋትም እንጂ እፈራለሁ።

ያረፍሁት ከሕሙማኑ ጋር ነው። አያ ባዬ የሚባሉ ጣታቸውን በሽታው የጨረሰባቸው ሽማግሌ ከክፍላቸው እኩሌታውን ለቀቁልኝ። ዳዊት ገልጠው ማንበብ ስለማይችሉ እኔ አነብላቸዋለሁ። ባንቺአየሁ የመጀመሪያውን ቀን ከበሩ ውጭ ቆማ ዋለች፤ በማግስቱ ገብታ የእሳቸውን ጋቢ ከእኔው ጋር አጠበች። ትናንት አያ ባዬ ወንድም የለህም ወይ ብለው ጠየቁኝ። እኔም ማንበቤን ቀጠልሁ።

ቁጣው ሲብስብኝ ለአማቾችህ ልጽፍ ብዬ ብዕር አንስቼ ነበር። ትርንጎ ትዝ ብላኝ ተውሁት። እርጉዝ ናት አሉኝ፤ በሰላም ያገላግላት። ይህን ነገር በእሷ ምክንያት የመጣ አድርጋ ትወስደዋለችና እንዳትነግራት። የአጎትሽ ሰላምታ ይድረስሽ፣ ዳዊቱን አትርሺ ብሎሻል በልልኝ። አላምረውን ልጃችንን በደንብ ያዝ ብሎሃል በልልኝ። ለእናኑ የናፍቆት ሰላምታዬ ይድረሳት። ባንቺአየሁ ለሁሉም ሰላም ብላለች፤ ለአንተ ግን ሰላምታዋን እንዳላደርስ ከልክላኛለች።

እኔ አንድ ነገር ልጠይቅህ። የምትጽፍልኝ ከሆነ ከየካቲት 11 በፊት ይድረሰኝ። በመንገደኛ እጅ አትላክ፣ በሌላ ሰው አድራሻም አትላክ። ፖስታው ላይ በራስህ እጅ፣ በአማርኛም በእንግሊዝኛም፣ «ለወንድሜ ለሐብተ ማርያም ክንዱ፤ የሥጋ ደዌ ሕሙማን ሐኪም ቤት፤ ጎንደር» ብለህ ጻፍ። ከጀርባው የራስህን ስም ከነአባትህ አኑር። ከዚያ የሚያውቁህ ሰዎች በተሰለፉበት ሰዓት ሄደህ ለፖስታ ቤቱ ሠራተኛ በእጅህ አስረክብ። ውስጡ ባዶ ቢሆንም ግድ የለኝም።

ታናሽ ወንድምህ ሐብተ ማርያም ክንዱ
ጎንደር፣ ከሥጋ ደዌ ሕሙማን ሐኪም ቤት
ጥር 16 ቀን 1955 ዓ.ም.