ፊቱ ወደ ቆቃ ነው

ቶሎሳዬ፣ የኔ ጌታ፣

ክረምቱን ያላንተ ጨረስነው። የናዝሬት ነፋስ ተመልሷል፣ ቆርቆሮው እንደ ድሮው ይንጫጫል፣ እኔም እንደ ድሮው እለፈልፋለሁ፤ የጠፋው የሚሰማኝ ነው።

ተናድጄብሃለሁ። ሐዘን ብቻ ጥለህልኝ የሄድክ መሰለህ? ከአሮጌ ዲሽ ሠርተህ ጣሪያ ላይ የሰቀልከው አንቴና ተከሰሰ! ሐኪሙ ኩላሊት ነው እያለ፣ ለቅሶው ላይ «ጨረሩ ነው የበላው» ተባለ። እናትህም ከቆቃ ለአርባህ ሲመጡ፣ «ኢልማ ኮ፣ ልጄን የገደለውን አውርጂልኝ» አሉ። ያንን አንቴና! ከቤታችን እሳቸው ቤት ድረስ ኢንተርኔት የሚያደርሰውን፣ አመሻሽ ላይ ፊታቸውን ታይበት የነበረውን!

ማውረዱንስ አወረድኩት፤ ልጥለው ግን አይደለም። በየትኛው አቅጣጫ ምን ያህል ኃይል እንደሚወጣው ላሳያቸው ነው። አንተ እንዳስተማርከኝ ሜዳ ወስጄ በርሜል ላይ አቆምኩት፤ መለኪያህን አስይዤ እናትህን ራቅ አድርጌ አስቀመጥኳቸው። እኔ አንቴናውን ትንሽ ትንሽ እያዞርኩ፣ እሳቸው የመለኪያው ቀስት የቆመበትን ቁጥር እየጮሁ፣ ቁጥሩ ሲበዛ ከመሀል አርቄ፣ ሲያንስ አቅርቤ፣ ካርቶን ላይ ነጥብ በነጥብ አኖርኩት። «ቁጥሩን ብቻ ንገሪኝ፣ ሌላ ወሬ አልፈልግም» እያልክ ስትለምነኝ ትዝ ይልሃል? እናትህም ለካ እንደኔው ናቸው፤ በየቁጥሩ መሀል ስለ ጎረቤት በግ ይነግሩኛል።

ነጥቦቹን ሳገናኛቸው፣ «ይሄማ ዓሣ ነው!» አሉ። እውነትም ዓሣ። ወደ ፊት ረጅም ሰውነት፣ ወደ ኋላ ቁራጭ ጭራ። ጣሪያው ላይ ሳለ ፊቱ ወደ ቆቃ፣ ጭራው ወደ መኝታችን ነበር። እኔ ደግሞ አፌን መች እይዛለሁ፦ «የሚገድል ቢሆንማ እማማ፣ ቀድመው የሚሞቱት እርስዎ ነበሩ!» አልኳቸው። ከአፌ ከወጣ በኋላ ደነገጥኩ።

እሳቸው ግን አልተቆጡም። ካርቶኑን በጣታቸው ሲዳብሱት ቆዩና፣ «ይሄ ሁሉ ወደ እኔ ነበር?» አሉ። አዎ፣ ወደ እርስዎ ነበር አልኳቸው። አለቀሱ፤ እኔም አብሬ። ከዚያ በነጠላቸው ፊታቸውን ጠርገው፣ «በይ ተነሺ፣ መልሰሽ ስቀይው» ብለው አዘዙኝ።

ሰቀልኩት። አሁን የሚደውሉት ለኔ ነው። ዓሣ እንዴት እንደሚጠበስ እንኳ እንጨቃጨቃለን፣ ደስ ይላል። ካርቶኑን ይዘውት ሄዱ፤ ግድግዳቸው ላይ፣ ከፎቶህ ጎን አለ።

ይሄ ነፋስ እንደሆነ አያርፍም። አንቴናውን ባዞረው ቁጥር ጣሪያ ላይ ወጥቼ ፊቱን ወደ ቆቃ እመልሰዋለሁ። እኔ እያለሁ፣ አንተ ካቆምክበት ንቅንቅ አይልም።

ለፍላፊዋ ሚስትህ