ናሙና ቁጥር 14 ሆኖ የቀረው መረዋችን

ቀን፦ የካቲት 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለብረት አምባ ማዕድናት ጥናት ማስተባበሪያ ጽ/ቤት ኃላፊ
ወልድያ

ጉዳዩ፦ በናሙና ስም ተወስዶ የቢሮ በር በመያዝ ላይ የሚገኘው የቤተ ክርስቲያናችን ድንጋይ እንዲመለስልን ስለመጠየቅ

ክቡር ኃላፊ፣

እኔ አመልካች ደሞዜ ካሴ፣ በሐብሩ ወረዳ ከመርሳ ሦስት ሰዓት በእግር በሚያስኬደው በብረት አምባ ነዋሪ ስሆን፣ በአምባው ቅዱስ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ላለፉት ሃያ ስድስት ዓመታት በደዋይነት አገለግላለሁ። ከሁሉ አስቀድሜ፣ ጽ/ቤትዎ በታኅሣሡ የመርሳ ስብሰባ በአምባችን ብረት መኖሩን በጥናት አረጋግጫለሁ ብሎ ስላበሰረን ደስታዬን እገልጻለሁ። አያቶቻችን ከዚያው አምባ እየቆፈሩና እያቀለጡ ማረሻና መጥረቢያ ሲሠሩ ኖረዋል፤ ቦታውንም ብረት አምባ ያሉት በዚሁ ነው። አሁን በማኅተም ስለተረጋገጠ እኛም ከጥርጣሬ ድነናል።

1. በብረት አምባ ተቀምጣ ቤተ ክርስቲያናችን የብረት ደወል የላትም። ከግቢው ወይራ ላይ በጠፍር የተንጠለጠሉ ሁለት ጠፍጣፋ ድንጋዮች ነበሩን፤ መረዋ እንላቸዋለን። ሁለቱ እየተፈራረቁ ሲመቱ ቅዳሴ ነው። አንዱ ብቻውን ሲመታ ሰው ሞቷል ማለት ነው። ይህን በአምባው ሕፃን እንኳ ያውቃል።

2. ባለፈው ግንቦት የጽ/ቤትዎ ባለሙያ አቶ ወንዳወቅ ከአምባው ሥር ድንጋይ በመዶሻ እየመቱ ሲያዳምጡ አገኘኋቸው። ከዚህ በኋላ ያለው ጥፋት የእኔ ነው፤ አልደብቅም። «የሚጮኽ ድንጋይ ከሆነ የሚፈልጉት ይምጡ» ብዬ ወስጄ ትልቁን መረዋ መታሁላቸው። አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። «አባባ፣ ለምርመራ ለሁለት ሳምንት ብቻ» አሉኝ። የአምባችን ስም አዲስ አበባ ሊጠራ ነው ብዬ ራሴ ከጠፍሩ ፈትቼ፣ ራሴ ተሸክሜ እስከ መኪናቸው አወረድኩት። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይሏል። በእጄ የቀረው «ናሙና ቁጥር 14» የሚል ብጣሽ ወረቀት ነው።

3. ሁለት ሳምንቱ ዘጠኝ ወር ሆነ። አንድ ድንጋይ ብቻ ስለቀረኝ እሑድ ለቅዳሴ ስደውል አገሩ ሰው ሞተ ብሎ ይወጣ ጀመር። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው እያለቀሱ ይደርሳሉ፤ ቄሳችንም በቅዳሴ ፈንታ ማንም አለመሞቱን ሲያስረዱ ይረፍድባቸዋል። ደግሞ ሁሉም በቅድሚያ የሚሮጠው ወደ እኔ ቤት ነበር። ከአምባው ሰው ሁሉ በዕድሜ የምትበልጠው፣ አልጋ ላይ ከዋለችም ሁለት ዓመት ያለፋት ወላጅ እናቴ ወ/ሮ ባይነሽ ናትና። እሷም ከተኛችበት ሆና «ገና ነኝ፤ ሂዱ አስቀድሱ» እያለች ስትመልሳቸው ከረመች።

4. አሁን ግን ሰው ለመደ። ድንጋዩ ቢጮኽ የሚደነግጥ የለም። ዛሬ ደግሞ ዐቢይ ጾም ስለገባ በየቀኑ ልደውል ነው፤ ጭራሹን ይለምዱታል። መልመዳቸው ለጽ/ቤትዎ መልካም ዜና ሊመስል ይችላል፤ እናቴን ግን እንቅልፍ ነስቷታል። «እኔ የሞትኩ ቀን ቅዳሴ ነው ብለው ተገልብጠው ይተኛሉ፤ ብቻህን ልትቀብረኝ ነው» ትለኛለች። ይህች ሴት የአገሩን ሰው ሁሉ አልቅሳ የቀበረች ናት፤ ዝናብ ይሁን ሐሩር ከለቅሶ ቀርታ አታውቅም። ክቡር ኃላፊ፣ ይህን ስትለኝ አፈርኩ፤ ድንጋዩን አውርጄ የሰጠሁት እኔ ነኝና።

5. ሦስት ጊዜ ወልድያ ተመላልሻለሁ። በመጀመሪያው ናሙናው አዲስ አበባ ነው ተባልኩ፤ በሁለተኛው ቁልፍ የያዘው ሰው ዓመት ፈቃድ ላይ ነው ተባልኩ። በሦስተኛው፣ ጥር 18 ቀን፣ ከቢሮ ቁጥር 6 ፊት ለፊት አግዳሚው ላይ ተቀምጬ ሳለሁ ነፋስ በሩን ገፋና በሩን ከያዘው ድንጋይ ጋር አጋጨው። ድንጋዩ ጮኸ። እኔም ሳላስበው ብድግ ብዬ አማተብኩ። የጥበቃ ሠራተኛው ሰይፈዲን ጉዳዩን ስነግረው «ወላሂ አባባ፣ እኔም ጠርጥሬዋለሁ፤ የበር ድንጋይ እንዲህ አያዜምም» አለኝ።

6. የንብረት ክፍሏ ወ/ሪት ሊዲያ በትሕትና እንዳስረዱኝ፣ ናሙና ቁጥር 14 በምርመራ ምንም ማዕድን ያልተገኘበት ተራ ድንጋይ ሆኗል። ሊጣል ሲል በር ለመያዝ ስለተመቸ ቀይ ቁጥር ተጽፎበት በቢሮ ንብረትነት ተመዝግቧል፤ ስለሆነም ያለ እርስዎ ደብዳቤ ከግቢ አይወጣም። ተራ መባሉ ቅር አላሰኘኝም። ተራ ሰዎች ነን፤ ተራ ድንጋይ ይበቃናል።

በመሆኑም ድንጋዩ ከግቢ እንዲወጣ ደብዳቤ እንዲጻፍልኝ በአክብሮት አመለክታለሁ። ቀዩ ቁጥር እንዲፋቅልኝ አልጠይቅም፤ ድምፁን አይለውጠውም። የቢሮዎ በርም ባዶውን እንዳይቀር ከአምባው ሌላ ድንጋይ ተሸክሜ አምጥቼ ከሰይፈዲን ዘንድ አስቀምጫለሁ። ክብደቱ ተመሳሳይ ነው። መትቼ ሞክሬዋለሁ፣ ምንም ድምፅ የለውም፤ ለቢሮ ሥራ ይስማማል።

ይህን ማመልከቻ ከማምጣቴ በፊት ለእናቴ አንብቤላት ነበር። ሰምታ ስታበቃ፣ አንድ ቃል እንድጨምርላት አዘዘችኝ፤ እንደተናገረችው አስፍሬዋለሁ፦ «ድንጋዩ ሳይመጣ አልሞትም፤ ብቻ ብዙ አያቆዩኝ በላቸው።»

ከብረት አምባ የአክብሮት ሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
ደሞዜ ካሴ
የቅዱስ ሚካኤል ደዋይ