መቀመጥ የማይሆንላቸው የእትዬ ጥድፊያ የሕይወት ታሪክ

በቤት፣ በሠፈርና በሥራ ቦታ «እትዬ ጥድፊያ» እየተባሉ የሚጠሩት እኚህ ሴት፣ ከሰዓት ሠሪ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው በ1948 ዓ.ም. ተወለዱ። እናታቸው ሲናገሩ ምጡ የጀመራቸው ቀሚስ እየሰፉ ነው፤ ጠርዙ ሳይታጠፍ ሕፃኗ ደረሱ። ያደጉባት ክፍል ከአባታቸው ሱቅ በላይ ስለነበረች ግድግዳው ሁሉ ሰዓት ነበር፤ አንዱ ከሌላው ግን አይስማማም። እሳቸው ዕድሜ ልካቸውን የኖሩት በሚቀድመው ነው።

የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን እዚያው ሠፈራቸው ተከታተሉ። ፈተና ጨርሰው የሚወጡት ሌላው ስሙን ጽፎ ሳይጨርስ እንደነበር አብሮ አደጎቻቸው ያስታውሳሉ፤ ውጤታቸው ግን ለሐሜት አይመችም ነበር። በ1966 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ገብተው በባዮሎጂ የመጀመሪያ፣ ቀጥሎም ሁለተኛ ዲግሪያቸውን አገኙ። በ1975 ዓ.ም. በአንድ የምርምር ተቋም ተቀጠሩ፤ እስከ ጡረታም ከአንድ ላቦራቶሪ አልወጡም። በመዝገብ ማለት ነው፤ በአካልማ ሲወጡና ሲገቡ ነው የኖሩት።

ሥራቸው በላስቲክ ሳህን ላይ የኩላሊት ሴል ማሳደግ ነበር። ሴል እንደሚጠባ ሕፃን በሰዓቱ ይመገባል፤ እሑድ አያውቅም። በ1978 ዓ.ም. ከሒሳብ መምህሩ ባለቤታቸው ጋር ሲጋቡ፣ ሙሽሪት ኬኩ ሳይቆረስ «መጣሁ» ብለው ወጡ። ሴሎቻቸውን አብልተው እስኪመለሱ ሙሽራው ከሚዜዎች ጋር ብቻቸውን ፎቶ ተነሡ፤ ፎቶው ዛሬም ሳሎን ተሰቅሏል። መምህሩ ተራቸው ከሴሎቹ ቀጥሎ መሆኑን ዐውቀው በሰላም ኖሩ፤ አንዲት ሴት ልጅም አፈሩ።

እትዬ ጥድፊያ ሙጭጭ ያሉበት ጥያቄ አንድ ነበር፤ በሽንኩርት ልጣጭ፣ በፖም ቆዳና በሻይ ቅጠል ውስጥ የሚገኙት፣ ፍላቮኖይድ የሚባሉት ንጥረ ነገሮች የተቆጣ የኩላሊት ሴል ያበርዳሉ ወይ? ሴሎቹን ሆን ብለው በባክቴሪያ ስብርባሪ ያስቆጣሉ፤ ከዚያ ከልጣጭ ያወጡትን ይጨምሩና ብግነቱ ቀንሶ እንደሆነ ይለካሉ። በ2003 ዓ.ም. ቀነሰ፤ ያውም በጣም። ጥናቱ ታተመ። አንድ ጋዜጣ «ሽንኩርት ኩላሊትን ታደገ» ብሎ ፎቷቸውን አወጣ፤ ዳይሬክተሩ ገጹን ፍሬም አስገብተው ቢሯቸው ሰቀሉ፤ ጎረቤት ልጣጭ በፌስታል ይዞ በር ያንኳኳ ጀመር። ሳህን ላይ ያለ ሴል ሰው አይደለም ቢሉ ማን ይስማቸው።

አልሰማ ካሉት ዋነኛው የአውቶቡስ ሾፌር የነበሩት ታናሽ ወንድማቸው ናቸው። ኩላሊታቸው ደክሞ በሳምንት ሦስቴ እጥበት ያደርጋሉ፤ ማሽኑን ግን እንደ ትራፊክ ፖሊስ ይጠሉታል። ጋዜጣውን እንዳዩ ማሽኑን ትተው ልጣጭ ማፍላት ያዙ። እግራቸው አብጦ ጫማ አልገባ ሲላቸው እንኳ መድኃኒቱ መሥራት ጀመረ ብለው ነጠላ ጫማ ገዙ።

በዚያው ሰሞን እትዬ ጥድፊያ ሙከራውን ሲደግሙ የገዛ ጥፋታቸውን አገኙ። ፍላቮኖይዱ ውኃ ውስጥ ስለማይሟሟ የሚጨምሩት በሌላ ማሟሚያ ፈሳሽ በጥብጠው ነበር፤ ለማነጻጸሪያ በለዩዋቸው ሳህኖች ላይ ግን ውኃ ብቻ ጠብ አድርገዋል። እንግዲህ ሴሎቹን ያበረዳቸው ልጣጩ ይሁን ማሟሚያው ማን ያውቃል። ችኮላ ነበር፤ እሳቸውም ሌላ ስም አላወጡለትም። ዳይሬክተሩ ማንም አላየም፣ እርስዎም አይዩ ብለው ለመኗቸው። እሳቸው ጥናቱ እንዲሰረዝ ለመጽሔቱ ጻፉና፣ በቀጥታ ወንድማቸው ቤት ገብተው ማንቆርቆሪያውን እቃ ማጠቢያው ላይ ደፉት።

«እትዬ፣ ጋዜጣው ላይ ያንቺ ፎቶ አለ እኮ» አሉ ሾፌሩ።

«ፎቶው ልክ ነው። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ነገ ማሽኑ ጋ ትሄዳለህ።»

ሾፌሩ እህታቸውን ያውቃሉና የማይችሉትን ጠየቋቸው። «እስኪያልቅ አጠገቤ ከተቀመጥሽ እሄዳለሁ።»

ተቀመጡ። አራት ሰዓት ሙሉ፣ እግራቸው ወለሉን እየደበደበ፣ ነርሷ «እማማ፣ ምን ሆኑ?» እያለች፣ ተቀመጡ። ከዚያም ቀን ጀምሮ ለሠርጋቸው ያላደረጉትን አደረጉ፤ በሳምንት ሦስቴ ከወንድማቸው ጎን ለመቀመጥ ሲሉ የሴሎቹን ሰዓት ለወጡ።

ሙከራውን በትክክለኛው ማነጻጸሪያ አስተካክለው በ2006 ዓ.ም. በድጋሚ አሳተሙ። አብዛኛው ውጤት የማሟሚያው ሆኖ ተገኘ፤ ለልጣጩ የተረፈው ጥቂት ነው። ጋዜጠኛ ዝር አላለም። ወንድማቸው ማሽኑ ላይ እንዳሉ ታዲያ እንዴት ሆነ ብለው ሲጠይቋቸው፣ እትዬ ጥድፊያ ፊታቸው እየፈካ «ትንሽ ነው፤ ግን አለ» አሏቸው።

በ2008 ዓ.ም. ጡረታ ወጡ፤ ማሽኑ አጠገብ ያለችውን ወንበር ግን አልለቀቁም። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ የቆሽት ካንሰር እንዳለባቸው ታወቀ፤ በሕክምና ሲረዱም ቆዩ። ጥቅምት 9 ቀን 2016 ዓ.ም. ጠዋት ወንድማቸው አልጋቸው አጠገብ ተቀምጠው ሳለ፣ እትዬ ጥድፊያ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አዩና «ዛሬ ተራህ አይደል እንዴ? ተነሥ» አሏቸው። ሾፌሩ ሄዱ። ነርሷ እንደ ልማዷ ባዶዋን ወንበር አጠገባቸው አስጠጋች። ማሽኑ ሳያበቃ የእህታቸው ዕረፍት ተሰማ፤ ሾፌሩም፣ ቃል ነውና፣ እስኪያልቅ አልተነሡም።

እትዬ ጥድፊያ ባለቤታቸውን፣ ልጃቸውን፣ ሁለት የልጅ ልጆቻቸውን፣ ዛሬ እዚህ ፊት ለፊት የተቀመጡትን ወንድማቸውንና ትንሽ ግን እውነተኛ የሆነች አንዲት ግኝት ትተውልን አልፈዋል። ፈጣሪ እኛን ያጽናን። ለነፍሳቸውም ደልዳላ ወንበር ያዘጋጅላቸው፤ እሳቸውም፣ እባክዎ እትዬ፣ ይቀመጡበት።