ሻይ የሚሉት ነገር

ለምትናፍቀኝ ወንድሜ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። አንተ ሰው፣ እንዴት ነህ? የአዳማ ሙቀት እንዴት አደረገህ? እንቅልፍስ ይወስድህ ጀመር? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። እማ ጉልበቷን ከማማረር በቀር ምንም አትልም። የቱሉ ዲምቱ ውሃ እንደለመደበት ሲያሻው ይመጣል፣ ሲያሻው ይጠፋል። ጀሪካን ተሸክመን ፎቅ ስንወጣ ባየች ቁጥር «ልጄ ቢኖር ኖሮ» ትላለች። ስልክ አለማንሳትህንማ ለምደነዋል፤ ለዚህ ነው በሾፌሩ በኢማድ እጅ ወረቀት የላክሁብህ። ወረቀት አይዘጋማ!

ከጦሩ በተመለስክ ሰሞን አጎታችን ቤት የሆነውን ታስታውሳለህ። «ና እስቲ፣ ሻይ ልጋብዝህ» ሲልህ ብርጭቆውን ከእጁ መትተህ ጥለህ ወጣህ፤ በዚያው ቀረህ። ሰው ሁሉ ጦሩ ልጁን አበላሸው አለ። እኔም በግኜብህ ነበር፤ የአጎታችን ነጭ ጀለቢያ ላይ የፈሰሰው ሻይ እስካሁን አልለቀቀም።

የያዝኩትን ጥናት ታውቀዋለህ፤ በጦር ሰፈር ውስጥ ነባሩ ወታደር አዲሱን ምን እንደሚያደርገው ነው። አንተ እንኳ «ምን አገባሽ?» ብለኸኝ ነበር። በቀደም ሙህዲን የሚባል፣ ከጦሩ ወጥቶ ቂሊንጦ ፋብሪካ የሚሠራ ልጅ አነጋገርኩ። ረጋ ያለ፣ አንገቱን የደፋ ልጅ ነው። ካፌ ቁጭ ብለን ሻይ ሳዝዝለት ሳቀና «እኛ ጋ ሻይ ሌላ ነው» አለኝ። ነባሮቹ አዲሱን «ና ሻይ ልጋብዝህ» ካሉት፣ ማድ ቤት ጀርባ ወስደው ሊቀጠቅጡት ነው። የተጋበዘ ደግሞ በተራው ይጋብዛል፤ እምቢ ካለ ለራሱ ይደገምለታል።

ወንድምዬ፣ እዚያው ካፌ ውስጥ እንባዬ መጣ። ስንቴ ተጋብዘህ ይሆን አልኩ።

ከዚያ ስለጋበዘው ሰው ነገረኝ። ስም እንዳይጠራ አስቀድሜ አስጠንቅቄዋለሁ፤ ደንባችን ነው። ሰውየው ደብድቦት ሄደ፤ ሌሎቹ ሲተኙ ግን ተመልሶ መጥቶ ፊቱን አጠበለት። ቁስሉን እፍ እያለ «አብሽር የኔ ግመል፣ አብሽር» ይለው ነበር። ራሱም እያለቀሰ ነበር አለኝ። «የኔ ግመል» ሲል ከአባታችን ሌላ ማንንም ሰምቼ አላውቅም፤ እሱም ላንተ ነበር የሚለው። መቅረጫውን አጠፋሁት።

ጥናቱን ለባልደረባዬ ለአስካለች አስረክቤያለሁ። በደንቡ አጥኚ ዘመድ ካጋጠመው ይወጣል። ለእማ ደክሞኝ ነው አልኳት፤ እውነቱን ለማንም አልተናገርኩም። ሙህዲን ስንለያይ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ያ ሰው አሁን ደህና ይሆን?» አንተው ንገረኝ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ጅብሪልና እኔ ከረመዳን በፊት ኒካሕ ልናስር ነው። አዎ፣ በመጨረሻ እሺ አልኩት፤ ሳቅ! አባታችን ስለሌለ ወሊዬ ሆነህ የምትድረኝ አንተ ነህ። አጎታችን «እኔ እቆምላታለሁ» ብሎ አዲስ ጀለቢያ አሰፍቷል፤ ኧረ ወዲያ! አንተ ካልመጣህ ኒካሑ ይቆያል ብያለሁ፤ ጅብሪልም እያጉረመረመ እሺ ብሏል። የሱን እጅ ጨብጠህ «እህቴን ድሬልሃለሁ» የምትለው አንተ ነህ። «በዚህ እጄ?» ብለህ እንደምትፈራ አውቃለሁ። አዎ፣ በዚያው እጅህ። ሌላ እጅ አልፈልግም።

አላህ ልብህን ያሳርፍልህ፣ እንቅልፍህን ይመልስልህ፣ እማ ደጃፍ በሰላም ያድርስህ።

የምትወድህ፣ የምትጠብቅህ
እህትህ